ሰልሚያና የጋራው ፎልደር

ቡታጅራ ውስጥ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው ሰልሚያ ቤት ይሄዳል። ጽሕፈት ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ብቻ አራት አውቃለሁ፣ ኮምፒዩተራቸውንም የምጠግነው እኔ ነኝ። ግን የእነሱን ወረቀት ዳኛ ሲያነብ ፊቱን ያጨማድዳል። የሰልሚያን ከሩቅ ይለየዋል። በግራ በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ “ዳኛውም እኮ የሚጽፍበት ይፈልጋል” ትላለች። አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካየች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይከነክናታል።

እኔ ዱባለ እባላለሁ። ከጥያ መጥቼ እዚህ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው ሰልሚያ ስለማትጽፈው ነው። የሰውን በደል ስትጽፍ ኖራ የራሷ ሲመጣ “ምኑ ይጻፋል?” ትላለች። እኔ ደግሞ ያናደደኝን ነገር አፍኜ መቀመጥ አልችልበትም፤ ሚስቴም የምትጠላብኝ ይህንኑ ነው።

አባቷ ሲሞቱ ሰልሚያ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ወንድሟ ራምዚ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሁለቱ ሌላ ልጅ የለም። እናታቸው እማማ ናጃህ በርበሬ ይነግዱ ስለነበር ከገበያ ገበያ ሲዞሩ ይሰነብታሉ፤ ልጁ ያደገው በእህቱ እጅ ነው። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግተው ከሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ታይፕ ተማረች። ሽማግሌው ሲደክማቸው ታይፑንም ጥላውንም ለቀቁላት። ራምዚን እግሯ ሥር አስተኝታ ስትጽፍ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። የታይፑ ድምፅ ሲቆም ብንን ይል ነበር አሉ፤ ስለዚህ የምትጽፈው ባይኖርም ዝም ብላ ትመታው ነበር።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባታል። የመጀመሪያዎቹን “ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ” ብላ መለሰቻቸው። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ እማማ ናጃህ በስኳር በሽታ አልጋ ይዘው ነበር። ሦስተኛ የመጣ የለም። ራምዚ ግን ተማረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ መርካቶ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሠራ፣ ኋላም ከጓደኛው ጋር የልብስ ሱቅ ከፈተ። በየዓመቱ ለአረፋ ይመጣል። ሰልሚያ እሱ ከመምጣቱ ከወር በፊት ጀምራ ቤት ታስለስናለች፣ ቅቤ ታጠራቅማለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ከከረመው ቆጮ ምርጡን ለእሱ ትለያለች። መንገድ ላይ ካገኘችኝም ሰላምታዋ “ራምዚ ሊመጣ ነው” የሚል ነው።

እማማ ናጃህ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። አልጋ ላይ በቆዩባቸው ስድስት ዓመታት ጧትና ማታ መርፌያቸውን የምትወጋቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ ቁስላቸውን የምታጥበው ሰልሚያ ነበረች። ቤቱ በእሳቸው ስም ነው። የፊቱ ክፍል ጽሕፈት ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ትንሽ የእንሰት ጓሮ አለው። ሰልሚያ ዛሬ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያም ሆነ ሌላ እንጀራ የላትም።

ዘንድሮ ራምዚ ለአረፋ መጣና በዚያው ቀረ። “ሱቁ ተቀዛቅዟል፣ ትንሽ ልረፍ” አለ። ሰልሚያ የምትሆነውን አጣች። ሰው ሁሉ በመጣበት ሚኒባስ ሲመለስ የእሷ ወንድም ቤቷ መቅረቱ የዓመቱ ትልቅ በረከት መስሎ ታያት።

እኔን የጠራችኝ ያን ሰሞን ነው። ቤቷ ሁለት ኮምፒዩተር አለ። አንዱ ፊት ለፊት ያለው፣ የምትጽፍበት ነው። ሌላው አሮጌ ነው፤ ከማተሚያውና ከስካነሩ ጋር ተያይዞ ኋላ ክፍል ተቀምጧል፤ ማተሚያው ሲጮኽ ደንበኛ ያውካል ብላ ነው ወደዚያ ያስገባችው። ጽፋ በፍላሽ ተሸክማ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ አትማ ትመለሳለች። ፍላሹ ደግሞ ከሰው ሁሉ ኮምፒዩተር ቫይረስ ሲለቅም ይውላል። አሁን የራምዚ ላፕቶፕ ሲጨመር ምልልሱ አሰለቻት።

“ሦስቱንም አገናኝልኝ” አለችኝ። “እኔም እዚህ ሆኜ ላትም። ራምዚም ካለበት ሆኖ የሚፈልገውን ይውሰድ።”

ሥራው ቀላል ነው። ሦስቱንም በአንድ ዋይፋይ አስገባሁና ስም ሰጠኋቸው፤ አንዱን “ፊት”፣ አንዱን “ኋላ”፣ ላፕቶፑን “ራምዚ” አልኩት። ከዚያ የፊቱ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን “ሥራ” የሚባል ፎልደር የጋራ ላደርገው ተቀመጥኩ። የሃያ ዓመት ድካሟ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የውክልናው፣ የኪራይ ውሉ፣ የፍቺው፣ የወራሽነቱ፣ ሁሉም ፎርም በየስሙ ተሰድሯል።

“ራምዚ ማንበብ ብቻ ይቻለው፣ መለወጥ ይቅርበት” አልኳት። “የይለፍ ቃልም እናድርግበት።”

“ለማን?”

“ለማንም። ወደ ፎልደሩ ሲገባ ይጠይቀዋል።”

“ወንድሜን?” አለችና መነጽሯን አወለቀች። “አንተ ደግሞ አበዛኸው! በእናቴ ቤት ወንድሜን ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ ዕቃ አላስቀምጥም። እንዲህ ያለውን ለሱቅህ አድርገው።”

ይህ የእሷ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በዚህ አገር ከአዲስ አበባ ለበዓል የገባ ልጅ የእናቱን ሳጥን ተቆልፎ ቢያገኘው ነውር ነው፤ ወሬውም ሰፈር ያዳርሳል። ደግ እህት የምትባለው ወንድሟ ሲመጣ ቁልፉን ከነማንጠልጠያው ጠረጴዛ ላይ የምትተውለት ናት። ይህን ስለማውቅ አልተከራከርኩም። የይለፍ ቃሉን አጠፋሁ፤ ማንም ገብቶ እንዲያነብም እንዲጽፍም ከፈትኩት። ከዚያ ጎመንና ቆጮ አቀረበችልኝ። ዕለቱ ረቡዕ መሆኑን ከእኔ ቀድማ አስታውሳ አይቡን አስቀርታዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ከመሄዴ በፊት ራምዚን ጠርቼ አሳየሁት። “ይሄ የምታየው እህትህ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ቅጂው አይደለም። እዚህ ሆነህ ከለወጥከው እዚያም ይለወጣል። የራስህን መሥራት ስትፈልግ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፕህ ገልብጠው” አልኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ “ገባኝ ብሮ፣ አታካብድ” አለኝ። አልገባውም ነበር።

አንድ ወር ያህል ሰላም ሆነ። ሰልሚያ እዚያ ማዶ ማተሚያው ሲንጫጫ እየሰማች ትስቃለች፤ ላገኘችው ሁሉ “ራምዚ ነው ያስገባልኝ” ትላለች። እኔ ያስገባሁትን!

የሆነውን መጀመሪያ ያየችው ፈቲሀ ናት። ፈቲሀ ሰፈራችን ውስጥ ወተት ትሸጣለች። አባቷ ሞተውባት የወራሽነት ማመልከቻ ልታስጽፍ አንድ ዓርብ ጧት ሰልሚያ ዘንድ መጣች። ሰልሚያ ከጋራው ፎልደር የወራሽነት ፎርሙን ከፈተች። ፎርሙ የሟችም የአመልካችም ስም በነጠብጣብ የተተወ ባዶ ነው። ያን ቀን ግን ነጠብጣቡ የለም። ተሞልቷል።

አመልካች፣ ራምዚ ሙባሪክ። ሟች፣ ወይዘሮ ናጃህ ሀቢቡ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በእሷ ፎርም ላይ “ሟች የሚከተሉትን ልጆች ትተዋል” ብሎ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ የሚዘረዝርበት ቦታ፣ ዝርዝሩ ተሰርዟል። በምትኩ “ሟች እናቴ ከእኔ በቀር ሌላ ልጅ የሌላቸው በመሆኑ ብቸኛ ወራሽ መሆኔ እንዲረጋገጥልኝ አመለክታለሁ” ይላል። ከሥሩ ሦስት ምስክሮች አሉ። ሁለቱን አታውቃቸውም። የመጀመሪያው ጀማሉ ነው፤ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ።

ራምዚ የእህቱን ፎርም ከላፕቶፑ ከፍቶ፣ ሞልቶ፣ የራሱ ላይ ያስቀመጠ መስሎት እሷው ላይ አስቀምጦት ነበር። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ እንኳን አልረሳም፤ ያስተማረችው እሷ ናት።

ፈቲሀ እንደምትለው ሰልሚያ ፋይሉን ዘጋችው። ከዚያ “ፎርሙ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ እጽፍልሻለሁ” ብላ ባዶ ገጽ ከፈተችና በቃሏ መጻፍ ጀመረች። ስድስቱን የአባትየውን ልጆች አንድ በአንድ ጻፈች።

“ሌላስ?”

“አለቁ” አለች ፈቲሀ።

“ሌላ ልጅ የላቸውም? በደንብ አስቢ።”

ፈቲሀ ተንተባተበች። “ጉንችሬ ያለ… ከሌላ ሴት የወለዱት አንድ አለ። ግን መጥቶም አያውቅ፣ እኛም…”

“ስሙ ማነው?”

“እንዴ ሰልሚያ፣ እሱን ምን አገባው?”

“ስሙን ንገሪኝ!” ብላ ጮኸችባት። ሰልሚያ በደንበኛ ላይ ስትጮኽ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ፈቲሀ ደንግጣ “ሳላሀዲን” አለቻት። ሰልሚያ ሰባተኛ ብላ ጻፈችው።

ፈቲሀ ስትወጣ ሰልሚያ ደወለችልኝ። “ኮምፒዩተሬ ታሟል፣ ቶሎ ና” ብቻ አለች። ስደርስ ፋይሉ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ቆሜ አነበብኩት፤ አንብቤም አላመንኩም።

“ቫይረስ እንዲህ ይጽፋል?” አለችኝ።

እኔ ደንበኛ መዋሸት አይቸግረኝም። ያልተቃጠለውን ተቃጥሏል ብዬ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ያን ቀን ግን አልሆነልኝም።

“ቫይረስ ነው በለኝ ዱባለ።”

“ሊሆን… አንዳንዴ ፋይል ያዘበራርቃል” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “አንተም ልትዋሸኝ ነው?” አለች።

አፈርኩ። የፋይሉን ዝርዝር ከፍቼ አሳየኋት። መጨረሻ ላይ የለወጠው “ራምዚ” ይላል፤ ያን ስም በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ። ሰልሚያ ሰዓቱን ደጋግማ አየችው።

“ሐሙስ ረፋድ ሥጋ ቤት ነበርኩ” አለች። “ክትፎ አምሮኛል ብሎኝ።”

ከዚያ አልተነሳችም፣ አልተጣራችም። እጇን ዘርግታ የማተሚያውን ቁልፍ ነካች። ኋላ ክፍል ማተሚያው መጮኽ ጀመረ። ራምዚ እዚያው አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።

“እቴ! ማተሚያው የሆነ ነገር እያወጣ ነው!” ብሎ ተጣራ።

“አንብበው” አለችው።

እኔ ልውጣ ብዬ ስነሳ እጇን አወዛውዛ አስቀመጠችኝ። ራምዚ ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰውዬ ነው፤ ጠጉሩ እንኳን ከፊት መሳሳት ጀምሯል።

“እቴ፣ እንዳሰብሽው አይደለም።”

“እኔ ምንም አላሰብኩም። አንተ የጻፍከውን ነው ያነበብኩት።”

“ነገሩ እንዲፈጥን ብዬ ነው። ሁለት ወራሽ ከሆነ ይጓተታል። በእኔ ስም ከወጣ ባንክ አስይዤው ሱቁን አነሳለሁ። አንቺ እዚሁ ነሽ፣ ማን ውጪ ይልሻል?”

“ለምን አልጠየቅከኝም?”

“እንቢ ብትዪስ?”

“መቼ እንቢ ብዬህ አውቃለሁ?” አለችው።

ራምዚ ገና ፍርድ ቤት ያላስገባውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ልብሱን ሰብስቦ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ሄደ። ክትፎው ግማሹ በሣህን ተከድኖ ቀረ፤ በማግስቱ ለውሻ ሰጠችው።

ጀማሉ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። እሷ አልላከችኝም። የዚህን ሰውዬ የጡረታ ደብዳቤ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ፣ ሁሉንም በነፃ የጻፈችለት ሰልሚያ ናት። የእናቷንም አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። “አሰላሙ አለይኩም” ሳልለው “ምን አድርጋህ ነው?” አልኩት።

“ራምዚ ምስክር ሁነኝ አለኝ፣ እሺ አልኩት” አለ፤ ዓይኑ ዓይኔን ሸሸ። “ወንዱ እሱ አይደል እንዴ? ሴቲቱ ዞሮ ዞሮ የራሷን ቤት ትሠራለች ብዬ…”

“ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም ብለህ ነው የምትመሰክረው?”

“ወረቀቱን አላነበብኩትም።”

ልደበድበው ነበር፤ ሚስቱ መሀል ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማሉ በሰልሚያ መስኮት ፊት ለፊት አያልፍም። ገበያ ለመሄድ በኋላ በኩል ይዞራል። ሰልሚያ ስትነግረኝ “ምነው፣ ቢያልፍ ምን አለበት?” አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሥራ አልሠራችም። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። የራሷን የወራሽነት ማመልከቻ እየጻፈች ነው። ከጀርባዋ ቆሜ አነበብኩ። “ሟች እናቴ ወይዘሮ ናጃህ ሀቢቡ የሚከተሉትን ልጆች ትተዋል፤ አንደኛ፣ ሰልሚያ ሙባሪክ። ሁለተኛ፣ ራምዚ ሙባሪክ።”

ደሜ ፈላ። “ምን ነካሽ? እሱ አንቺን የለችም አላለም እንዴ? አንቺስ ለምን አታወጪውም?”

“እናቴ ወልዳዋለች እኮ ዱባለ” አለች። “ምን ላድርጋት?”

ከዚያ ጣቷን ምስክሮች የሚለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈች። “ይሄኛው ነው የከበደኝ። የእናቴ ልጅ መሆኔን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች አምጪ ይላል። ለሰው ስጽፈው እንዲህ አልታወቀኝም ነበር። የልጅነቴን የሚያውቁት አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ካሉት ሁሉ ቅርቡ ጀማሉ ነበር።”

“እኔን ጻፊኝ” አልኳት። ፈቲሀንም ጻፈች። ሦስተኛዋ ሲስተር ዓለምዘውድ ሆኑ፤ እማማ ናጃህን መጥተው የሚያክሙ የነበሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው።

የቀጠሮው ቀን ራምዚም መጥሪያ ደርሶት መጣ። ኮት ለብሷል። ከእኛ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ እህቱ አልዞረም። እሷ ግን ገና ሲገባ አይታው “ከስቷል” አለችኝ በሹክሹክታ። በንዴት ጥርሴን ነከስኩ።

ዳኛዋ እኔን አስቀድመው ጠየቁኝ። “አመልካች የሟች ልጅ መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?”

“ስድስት ዓመት ያስታመመቻቸው እሷ ናት ክብርት ዳኛ። መርፌውን የምትወጋቸው፣ የምታጥባቸው…”

“አስታማሚ ሁሉ ልጅ አይደለም” አሉኝ። በክፋት አልነበረም፣ ሥራቸው ነው። “ልጃቸው መሆኗን በምን አወቁ?”

ዞሬ ሳያት ሰልሚያ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ጥፋተኛ ተቀምጣለች። “እማማ ናጃህ ልጄ ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አልኩ። ዳኛዋ ጻፉት።

ሁለቱም ሴቶች ከመሰከሩ በኋላ ራምዚን አስነሱት። “ይህች ሴት ምንህ ናት?”

ወደ መሬት አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። ጸሐፊዋ እንኳን እጇን ከመጻፊያው አንስታ ጠበቀች።

“እህቴ ናት” አለ።

“ጮክ ብለህ ተናገር። ከአንድ እናት?”

“እህቴ ናት። ከአንድ እናት።”

ዳኛዋ ይመዝገብ አሉ። ሁለቱም ወራሾች መሆናቸው ተረጋገጠና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ መዝገብ ተጠራ። ራምዚ ከሁላችንም ቀድሞ ወጣ፤ እኛ በሩ ላይ ስንደርስ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሰልሚያ ደረጃው ላይ ቆመች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። አሁን እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

“ፈረዱልሽ እኮ፣ ቤቱ የአንቺም ነው” አልኳት። “ምን ሆነሻል?”

“ሰማኸው?”

“ሰማሁት።”

“እህቴ ናት ለማለት ዳኛ አስፈለገው” አለች።